የሻምበሉ ከስክስ

ጫማው የመጣው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። የፊልሙ የአልባሳት ኃላፊ ሂባቅ ፌስታሉን ከሸዋገነት እግር ሥር አስቀመጠችና ላቧን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ወላሂ እማማ፣ ታይዋን ገበያን ሙሉ ገለበጥኩት። የሚበራ ጫማ አለ፣ ሲረግጡት የሚዘፍን የሕፃን ጫማ አለ፤ የድሮ የወታደር ከስክስ ግን አቦ የለም! ይኼን አንዲት ሴትዮ ከቤቷ አመጣችልኝ።»

ሸዋገነት ፌስታሉን ከፈተችው። ቆዳው እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፤ ቢሆንም ትናንት ቀለም የተቀባ ይመስላል። ማሰሪያው ብቻ አዲስ ነው። ይህን ጫማ ስንት ዓመት የወለወለ ሰው አለ ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አላሰበችበትም፤ ሙቀቱ አያሳስብም።

ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አገር የሚያውቃት በቴሌቪዥን ድራማ በምትጫወታት ክፉ አማት ነው። ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ በሄደችበት ሁሉ ነጋዴው ከሱቁ ብቅ እያለ «ኧረ ምራትሽን ተያት!» ይላታል፤ እሷም ዓይኗን አፍጥጣ ታስፈራራውና ተሳስቀው ይለያያሉ። ከዚያ በፊት፣ ገና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሠራዊቱ የኪነት ቡድን አባል ነበረች። በጭነት መኪና ከካምፕ ካምፕ እየዞረች ወደ ግንባር የሚሄደውን ወታደር ታስቅ ነበር። አንድ ጊዜ የሰማችውን የማንኛውንም ሰው ድምፅ ወዲያው ታወጣዋለች፤ የአዛዡን፣ የወጥ ቤቱን ኃላፊ፣ የሚያነክሰውን በቅሎ ጫኝ። ከሁሉ በላይ የተወደደው ጨዋታዋ ግን «ምልምሉ» ነው። ምልምሉ ከስክሱን ቀኙን በግራ አዛውሮ ያጠልቅና ሰልፍ ይወጣል፤ አሠልጣኙ ሲቆጣው ደረቱን ነፍቶ «ጫማው ልክ ነው ጓድ፤ የተሳሳተው እግሬ ነው!» ይላል። ይህን አባባል ያልያዘ ጦር አልነበረም።

ቀረጻ ላይ ሌላ ስም አላት፤ «አንዴ» ይሏታል። አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ሠርታ አታውቅም። ገና ውል ስትፈርም «አንዴ እሠራለሁ፣ አልደግምም» ትላለች። ግማሹ ኩራቷ ነው ይላል፣ ግማሹ ችሎታዋ ነው ይላል። «ይደገም» የሚለውን ቃል ለምን እንደምትሸሸው የሚያውቅ ግን የለም።

የዛሬው ፊልም ራሷ በየራዲዮኑና በየቴሌቪዥኑ ሠላሳ ዓመት ካወራችው ታሪክ የተቀዳ ነው። ጊዜው ጥር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ ቦታው የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ። ሦስት መቶ ወታደር የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ግንባር ሊጫን ነው። ምልምሉን ተጫውታ ስትጨርስ ጦሩ ባንድ ድምፅ «ይደገም!» አለ። ይሄኔ አንድ ሻምበል ብድግ ብሎ ሰዓቱን አየና «በቃ! ውረጅ!» አላት። እሷም እንባዋ እየወረደ «ስትመለሱ እደግምላችኋለሁ» አለቻቸው። አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሻምበሉም ከቀሩት አንዱ ነው። ይህን ስታወራ ጋዜጠኞች መሐረብ ያወጣሉ። መቼም ወሬ ሲደጋገም ይፋፋል፤ ሻምበሉ መጀመሪያ ሰዓቱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ቆይቶ ከዘራ ያዘ፤ ዳይሬክተሯ ማህደር በጻፈችው ላይ ደግሞ ሽጉጡን ይነካካል።

«ልክ ሆነልዎት?» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከጎኗ።

ሃምሳ የሚጠጋት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ቆማለች። የጫማው ባለቤት እሷ ናት፤ እፀገነት ትባላለች። ከሥራ ፈረቃዋ አስፈቅዳ ነው የመጣችው።

«ገና አላጠለቅሁትም፣ ልጄ። የማን ነው?»

«የአባቴ። ቤት ትቶት የሄደው ትርፍ ጫማው ነው። ሁርሶ ነበር፤ ሻምበል ዓብዩ ይባላል።»

የሸዋገነት እጅ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

«እርስዎ የሚያወሩት ሻምበል እሱ ነው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። እናቴ ነፍሷን ይማርና የእርስዎ ድምፅ ሲመጣ ራዲዮኑን ትዘጋው ነበር። እኔ ድጋሚው ሲተላለፍ ጎረቤት ሄጄ እሰማለሁ።» እፀገነት ፌስታሉን ከመሬት አንስታ በጣቶቿ ማጠፍ ጀመረች። «አልተቀየምኩዎትም፤ ጦርነት ነው፣ ሰዓት ያጥራል። የሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የሄደው። ስለሱ ሰው የነገረኝ ነገር ቢኖር የእርስዎ ወሬ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ‹በቃ› ሲልዎት... ድምፁ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን?»

ሸዋገነት በሕይወቷ ስንት ክፉ ጥያቄ መልሳለች። ይህን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ሻምበል ዓብዩ የዚያን ቀን ከፊት፣ የጥይት ሣጥን ላይ ነበር የተቀመጠው። ከመሳቁ ብዛት ቆቡን አውልቆ ዓይኑን ጠርጎበታል። ከሁሉ ቀድሞ «ይደገም!» ያለውም እሱ ነው፤ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጥቶ ለምኗታል። ሰዓቷን ያየችው እሷ ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ያሳያል፤ የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ወደ ከተማ የሚመለስ ሾፌር ሞተር አስነስቶ እየጠበቃት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሕልሟ ፊልም ላይ መታየት ነበር። «ስትመለሱ!» ብላ እየሳቀች ወረደች። እንባ የሚባል ነገር አልነበረም። ፊልሙን ደርሳ አየችው። ጥሩ ፊልም ነበር።

ውሸቱ የተወለደው ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ጋዜጠኛ «ለምን አልደገምሽላቸውም?» ብሎ ድንገት ሲጠይቃት ነው። «ሻምበሉ ከለከለን» የሚለው ሳታስበው ከአፏ ወጣ። የሞተ ሰው መጥቶ አያስተባብልም።

«ወፍራም ነው» አለቻት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

«እትዬ ሸዋገነት፣ ዝግጁ ነን!» አለች ማህደር ከካሜራው ኋላ።

በአሮጌው የባቡር ግቢ፣ በጣውላ የተሠራው መድረክ ፊት ስድሳ የሚሆኑ የከተማው ወጣቶች የወታደር ልብስ ለብሰው ባገኙት ካርቶን ያራግባሉ። ሸዋገነት ጫማውን ወንበሩ ሥር ትታ በነጠላ ጫማ ወጣች። የዛሬው ትዕይንት ታሪኩን የምትተርክበት ንግግር ብቻ ነው፤ ከስክሱን የምታጠልቀው በሌላ ቀን ነው። ካሜራው ተነሣ። እሷም ጽሑፉን አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ተናገረችው። ሽጉጡ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «‹በቃ! ውረጅ!› አለኝ» ስትል እንባው በሰዓቱ መጣ። ካርቶን የሚያራግብ አልነበረም።

«ካት!» አለች ማህደር፤ እሷም ዓይኗ ቀልቷል። ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። «አንዴ! አንዴ!» ይላሉ ሠራተኞቹ። መብራት የያዘው መብራቱን ማውረድ ጀመረ።

ሸዋገነት እፀገነትን በዓይኗ ፈለገቻት። ከካሜራው ኋላ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች፤ ፌስታሉ በእጇ ውስጥ ትንሽ ቋጠሮ ሆኗል። አታጨበጭብም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አገጯን ወደ አንገቷ ሰብስባ፣ ድምፅዋን እያወፈረች፣ ለራሷ ብቻ «በቃ... ውረጅ... በቃ... ውረጅ» ትላለች። የአባቷን ድምፅ እየሞከረች ነበር።

ሸዋገነት አፈረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላፈረችውን ባንዴ አፈረች።

«ይደገም» አለች።

የሰማት የለም። እሷም ስለ ራሷ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችውን ቃል ጮክ ብላ ደገመችው፤ «ይደገም!»

ማህደር ወደ መድረኩ መጣች። «ምን ተበላሸ እትዬ? እንከን የለውም እኮ። ጽሑፉን አንድ ቃል አልሳቱም።»

«ጽሑፉ ነው ልክ ያልሆነው። ሻምበሉ አልከለከለኝም።»

ማህደር ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ የነገው ቀረጻ በሙሉ ሻምበሉ ላይ ነው የቆመው። ደግሞ ሰው ምን ይላል? በየሚዲያው የተናገሩት...»

«አውቃለሁ። እኔም ሠላሳ ዓመት እሱ ላይ ነው የቆምኩት። አንቺ ካሜራውን አስነሺ፤ ነገ ካልፈለግሽው ቁረጪው።» ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። «ሂባቅ፣ ጫማውን አምጪልኝ።»

ጉልበቷ እንደልብ አይታጠፍም፤ ሂባቅ ተንበርክካ ጫማውን አቀረበችላት፤ እግሯን ያስገባችው ግን ራሷ ሸዋገነት ናት። ሂባቅ ማሰሪያውን ልታስር ስትል ቀና አለች። «እማማ፣ ተዛውሯል እኮ! ቀኙን በግራ አደረግሽው።»

«ጫማው ልክ ነው፤ የተሳሳተው እግሬ ነው።»

ከፊት ያሉት ወጣቶች ሳቁ። ከአርባ ሰባት ዓመት ወዲህ በዚህ ነገር የሳቀ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ማህደር ትንሽ አመነታችና ለካሜራ ባለሙያው በእጇ ምልክት ሰጠችው።

ሸዋገነት ሌንሱን አላየችውም። ግንቡን የተደገፈችውን ሴት ነው ያየችው።

«ሻምበል ዓብዩ ይባላል» አለች። «ከፊት፣ የጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰዓት ያየሁት እኔ ነኝ፤ ፊልም እንዳያመልጠኝ ብዬ። እሱ ግን መድረኩ ድረስ መጣ፤ ቆቡን በእጁ ይዟል፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም። እንዲህ አለኝ።»

አገጯን ዝቅ፣ ትከሻዋን ሰፋ አደረገች። ከደረቷ የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሳቅ የሚያቋርጠው የወንድ ድምፅ ነው።

«‹እህቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። እባክሽ። መኪናው ይጠብቀናል።›»

እፀገነት በቆመችበት ግንቡን ይዛ ቀስ እያለች ተቀመጠች። እጇን ከፍ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንዳላት ተማሪ፣ አንድ ጣቷን አወጣች፤ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ይደገምልኝ ማለቷ ነበር።

ሸዋገነት ደገመችላት። ከዚያ የተዛወረ ጫማ ያጠለቀውን የግራ እግሯን አንስታ እንደ ምልምሉ ሰልፍ ወጣች።