ለኔልዳ ኪስ የሚሆን

ሆባርት ትንሿን ሪቮልቨር ከጨርቅ ፈታና በኮይ የመሣሪያ ሱቅ የመስታወት ባንኮኒ ላይ አኖራት። አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጥይት የምትጎርስበትን ክብ ከበሮ ከፍቶ፣ አምስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን አሳየ። በአርካንሶ ተራሮች መሣሪያ ይዞ ሰው ዘንድ የገባ ሁሉ ከሰላምታ በፊት ይህን ያደርጋል። ማንም አይጠይቀውም፤ ማንም አያመሰግነውም።

«ይቺንማ አውቃታለሁ» አለ ኮይ። ኮይ ሃምሳውን ያለፈ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ባለሱቅ ነው። «የወይዘሮ ኔልዳ አይደለችም እንዴ? ሱቃቸው እያለ የሽርጣቸውን ኪስ ቁልቁል ትጎትተው ነበር።»

«የሷ ናት።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም። ሌላ ፈልጌ ነው። ለኪስ የሚሆን።»

ምድጃው አጠገብ የወረቀት ኩባያ ይዞ የተቀመጠው ቨርነን ቀና አለ። ቨርነን ጡረታ የወጣ የግንድ መኪና ሾፌር ነው፤ መሣሪያ ከገዛ ዘመን አልፎታል፣ ከኮይ ምድጃ ግን ቀርቶ አያውቅም።

«ሰባ ስድስት ዓመት አንድ ቀበቶ የታጠቀ ሰውዬ ዛሬ ፋሽን አማረው» አለ። «ኮይ፣ ጥቁሩን አሳየው፤ ከጫማው ጋር ይሄድለታል።»

«አንተ ኩባያህን ያዝ» አለው ሆባርት።

ኮይ ከመስታወቱ ሥር ሁለት መሣሪያ አወጣ፤ አንዱ ሌላ ሪቮልቨር፣ አንዱ ስስ ባለካዝና ሽጉጥ። ይህን ወግ በቀን ሦስቴ ያወራዋል፤ ግን እንደ አዲስ ነው የሚያወራው።

«ለኪስ ከሆነ አቶ ሆባርት፣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ሪቮልቨር ትቆረቁራለች፣ ኪስ ታሳብጣለች፣ አምስት ብቻ ትጎርሳለች። ግን ሐሳብ አታበዛም፤ ቃታዋን ይስባሉ፣ ትመልሳለች። ይሄ ደግሞ እንደ ኪስ ቦርሳ ጠፍጣፋ ነው፣ ስድስት ይይዛል። ግን መጀመሪያ የላይኛውን ብረት ስበው ካላቀባበሉት አይተኩስም። ሲቀባበል ደግሞ ትንሹ ነው የሚከብደው፤ መሣሪያው ባነሰ ቁጥር የውስጡ ስፕሪንግ ይጠነክራል። አይቀየሙኝና በእርስዎ ዕድሜ፣ በወይዘሮ ኔልዳም ጣት…»

«ለሷ ነው።»

«እንግዲያው ጨርሰናል። የለመዷትን አይቀይሩባቸው። ግድ ካሉም ለደካማ እጅ ተብሎ የተሠራ አለኝ፤ እንደ ቅቤ ነው የሚሳበው።»

«የቅቤውን አልፈልግም» አለ ሆባርት። «ከሁሉ የሚከብደውን አሳየኝ።»

ቨርነን ሳቀ። «እንግዲህ አርባ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ማለት ይሄ ነው።»

ሆባርት አልሳቀም። ጠፍጣፋውን አንሥቶ አገላበጠው። «ጥይት ይኑረው አይኑረው ከውጭ ይታያል?»

«አይታይም። ካዝናው እጀታው ውስጥ ነው። አንዳንዱ ከላይ ትንሽ መስኮት…»

«መስኮት የሌለውን።»

ኮይ የሽማግሌውን እጅ አየ፣ ከዚያ ባዶዋን ሪቮልቨር አየ፣ ከዚያ የበሩን ምልክት ወደ «ተዘግቷል» ገልብጦ ተመለሰ።

«አቶ ሆባርት፣ ምንድነው የሆነው?»

ሆባርት ወሬ የሚወድ ሰው አይደለም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልጁ በቀር ለሰው ያልተናገረው ነገር ነበረው። ባርኔጣውን አውልቆ መስታወቱ ላይ አስቀመጠና ተናገረ።

ይኸውላችሁ፣ ኔልዳ መንታ መንገዱ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሱቅ ነግዳለች፤ ቤንዚን፣ ዱቄት፣ የዓሣ መንጠቆ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናትና ሱቁን ስትከፍት አባቷ ይህችን ሪቮልቨር ሰጣት። ከመሣሪያው ጋር አንድ ቃል ሰጣት፤ «ዓይንሽ ያላየውን ባዶ፣ ባዶ አትበይው፤ ዓይንሽ ያላየውን ሙሉም፣ ሙሉ አትበይው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔልዳ ጧት ጧት ከበሮዋን ትከፍታለች፣ የአምስቱን ጥይት ናስ ቂጥ ቂጥ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ኪሷ ትከታለች። ሱቁ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልማዱ አልተዘጋም።

ሁለት ክረምት ሆነው፣ አእምሮዋ እንደ አሮጌ ሹራብ መተርተር ከጀመረ። መጀመሪያ «ዛሬ ሱቁን ማን ከፈተው?» ማለት ጀመረች። ቀጥሎ የልጃቸው የታሚ ስም ጠፋባት። ሐኪሙ ስም ሰጠው፤ መድኃኒት ግን አልሰጠውም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሆባርት ማገዶ ታቅፎ በጓሮ በር ሲገባ ኔልዳ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማለች። ሪቮልቨሯ በሁለት እጇ ናት፤ አፈሙዙ ደረቱ ላይ ነው። እጇ አይንቀጠቀጥም። ያ እጅ ሁሉን ረስቶ ይህን አልረሳም።

«ባለቤቴ አሁን ይመጣል» አለችው። «የያዙትን ያስቀምጡና ይሂዱ። ልጎዳዎት አልፈልግም።»

ማገዶውን አንድ በአንድ አስቀመጠ። ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ፣ በዝናቡ ቤቱን ዞረ፣ የፊት በሩን አንኳኳና «ኔልዳዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። በሩን ከፍታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «የት ነበርክ? ሌባ ገብቶ ነበር እኮ። ምስኪን ነው፤ አሮጌ ሰው ነው።»

ታሚ በስልክ «መሣሪያውን ዛሬውኑ ከቤት አውጣው አባዬ» አለችው። አወጣው፣ ጎተራ ደበቀው። ታዲያ ኔልዳ እጇን ባዶ ኪሷ ውስጥ ከትታ ቤቱን ትዞር ጀመር። መሳቢያ ሁሉ ገለበጠች፣ ፍራሽ አነሣች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጇ የጠፋባት እናት እንዲያ አትሆንም።

ያን ጊዜ ነው ሆባርት የተሳሳተው። ሪቮልቨሯን ባዶ አድርጎ ቢመልስላት ከበሮውን ከፍታ ታውቃለች። ስለዚህ ከጎተራ መሬት አምስት የተተኮሰ ቀለህ ለቀመ፣ በጨርቅ ወለወለ፣ ሪቮልቨሯን አጎርሶ ለኔልዳ መለሰላት። ከኋላ ሲያዩት ናሱ ያው ናስ ነው፤ አምስት ትቆጥራለች፣ ደስ ይላታል፣ ማንንም አትጎዳም ብሎ። ዕድሜውን ሙሉ አጋዘን ያደነ ሰው፣ የተተኮሰ ጥይት ቂጡ ላይ መርፌ የወጋው ጎድጓዳ ምልክት እንደሚቀርበት ረሳ።

ኔልዳ አልረሳችም። ጧት ከፈተች፣ አየች፣ አንዱን በጥፍሯ ዳሰሰች። ፊቷ አመድ ሆነ።

«ተተኩሷል» አለች። «አምስቱም። በኔ መሣሪያ ማን ሞተ?»

አልጋ ሥር ፈለገች። ቁም ሣጥን ከፈተች። በሌሊት ልብሷ እስከ ጎተራው ሄዳ ገለባውን በእጇ ገለጠች። መጨረሻ ላይ የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ሆባርት ነው» አለች። «ትናንት ገብቶ ነበር፣ አላወቅኩትም። ሆባርትን ገድዬዋለሁ።»

«ኔልዳ፣ እይኝ። እኔ ነኝ። አለሁ።»

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ሸሪፉን ይጥሩልኝ።»

እንግዲህ ሰው የራሱን ለቅሶ ይቀመጣል? ሆባርት ተቀመጠ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አጠገቧ ሆኖ እሱን ስታለቅሰው ሰማ። ጢሙን ሲላጭ እንደሚያፏጭ ነገረችው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲሞት ሳጥኑን በገዛ እጁ እንደሠራ፣ ከዚያ ወዲያ የጣውላ ሽታ ሲያስለቅሰው እሷ እንዳላየች ትሆን እንደነበር ነገረችው። እንዳየችው አያውቅም ነበር። ከዚያ ደክሟት ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ረስታው ምሳ ጠየቀች። እሱ ግን አልረሳውም።

ሆባርት ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ኮይ በሸሚዙ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ።

«ጥይት ባያስገቡበትም ጥይት ከሌላ ቤት ይመጣል» አለ። «የጠፍጣፋውን መርፌ አወጣዋለሁ። ጥይቱን የሚወጋውን። ከዚያ ወዲያ ብረት ብቻ ነው። ሪቮልቨሯ እኔ ጋ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባት ትቀመጥ። የአደን ጠመንጃዎችዎንም ነገ ያምጧቸው፤ ስንቱን ጎረቤት አስቀምጬለታለሁ። መልስልኝ ባሉኝ ቀን እመልሳለሁ።»

«አመጣቸዋለሁ።»

ኮይ ወደ ጓዳው ገባ። ሆባርት መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ የሚሞላውን ቅጽ በትልልቁ ፊደሉ ሞላ። ቨርነን ተነሣ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ውጭ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመኪናህ የኋላ ጎማ ንፋስ ጎድሎታል» አለ። «ልሙላልህ።»

ጎማው ምንም አልጎደለውም። ሆባርት ግን «ሙላልኝ» አለው።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኔልዳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ስትጠብቃት የዋለችው ጎረቤት ባርኔጣዋን አድርጋ ወጣች። የኔልዳ አንድ እጅ ባዶ ኪሷ ውስጥ ነው፤ በአንድ እጅ መፈልፈል ለምዳለች።

«አሮጌዋን ኮይ ጋ ትቻታለሁ» አላት። «አርጅታለች፤ ዕድሳት ያስፈልጋታል። እስከዚያ ይሄን ያዢ።»

ሁሉም ቃል እውነት ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲመርጥ ነው የመጣው።

ተቀበለችው። አውራ ጣቷ ከበሮውን ፈለገ፤ የለም። አገላበጠችው። እንደ ወንዶቹ አድርጋ የላይኛውን ብረት ያዘችና ልታቀባብል ሳበች። አልተነቃነቀም። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሳበች፤ ጣቶቿ ተንሸራተው ጉልበቷ ላይ ወደቁ። ያበጡ መገጣጠሚያዎቿን እንደ ሰው ዕቃ አየቻቸው።

«እጄ ምን ሆነ?» አለች ቀስ ብላ።

ሆባርት እንዲህ ያለውን አልመረጥኩም እንዳይል፣ የመረጠው ራሱ ነው። ከሁሉ የሚከብደውን ብሎ። ጎንበስ ብሎ የወደቀ ባቄላ መልቀም ጀመረ።

«ሆባርት።»

ድምፁ የሷ ነበር። የድሮው። ከወር በላይ አልሰማውም። ቀና ሲል ዓይኖቿ ጠርተው ያዩታል።

«አቤት።»

«ባዶ ነው፣ አይደል?»

በአፉ ዋሽቷት አያውቅም። አሁንም ምላሱ እምቢ አለው። «ባዶ ነው። ቢሞላም አይተኩስም። ኮይ መርፌውን አውጥቶታል።»

«ከክብደቱ ያወቅኩት እንዳይመስልህ። ፊትህ ነው የነገረኝ።» ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «መሣሪያ አውጥቼብህ ነበር?»

«ማገዶ ይዤ ስገባ።»

«ምን አልኩህ?»

«ያስቀምጡና ይሂዱ አልሽኝ። በአክብሮት ነው ያልሽኝ።»

ሳቀች። የሱቅ ሳቋን፣ ደንበኛ ስታሾፍበት የምትስቀውን። ከዚያ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች፤ እሱም ወንበሩን አስጠግቶ እጇን ያዘ። ብዙ አልቆየችም። ጊዜው አጭር እንደሆነ እሷም ታውቀዋለች፤ ፊቷን ጠረገችና ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች።

«ስማኝ። ባዶ መሆኑን ነገ አላውቅም። ኪሴ ባዶ ከሆነ ግን እፈራለሁ፤ ምን እንደምፈራ ሳላውቅ እፈራለሁ። ስለዚህ ይሄን እይዘዋለሁ። ሙሉ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ ሙሉ ነው በለኝ።»

«ኔልዳዬ፣ ዋሽቼሽ አላውቅም እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማምንህ። በለኝ።»

«እልሻለሁ።»

«አሁን በለኝ፣ ልስማው።»

«ሙሉ ነው» አለ ሆባርት። ድምፁ ተሰበረ።

«እንዲያ አይደለም። እንዲህ ካልከኝ አላምንህም።»

ሁለተኛ አለው። ሦስተኛ ሲለው በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፣ ሽጉጡን ኪሷ ከተተች፣ ባቄላዋን ሳበች። ጥቂት ፈልፍላ ቀና አለችና ሱቁን ማን እንደዘጋው ጠየቀችው።

በማግሥቱ ጧት ሆባርት ጠመንጃዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጭኖ ሲመለስ፣ ኔልዳ በሽርጧ ቆማ ምድጃው ላይ የበቆሎ ዳቦ ትጠብቃለች። በጓሮ በር ሲገባ እጇ ወደ ኪሷ ሄደ። አወጣችው፤ ግን አላነጣጠረችም። መዳፏ ላይ አጋድማ ግራ በተጋባ ዓይን አየችው፣ ከዚያ እሱን።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች። «ይሄ ነገር ውስጡ አይታይም። ሙሉ መሆኑን ያውቁ ይሆን?»

ሆባርት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሙሉ ነው፣ እመቤቴ» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ትከሻዋ ወረደ፤ ሽጉጡን ወደ ኪሷ መለሰች። ዳቦውን ቆርሳ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሳህኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋችለት።

«እንግዲያው አረፍ ይበሉና ይቅመሱ» አለችው። «ባለቤቴ ሳይመጣ አይቀርም። ቢያገኝዎት ደስ ይለዋል፤ ሰው ይወዳል።»

ሆባርት አርባ ዘጠኝ ዓመት በተቀመጠበት ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠና፣ አመስግኖ በላ።