የሃምሳ አለቃ ጣሰው ቁራኛ

«አሁን የናሆምን ይግባኝ ማን ሊከታተልለት ነው?» አለች ለቀስተኛዋ ወርቅውሃ፣ ሹክ ያለች መስሏት። ድምፅዋ ያቤሎ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ለነገሩ ‹ጋልጋሎን ገድዬ ገናሌ ወንዝ ጨመርኩት› ብሎ የፈረመ ልጅ!»

ሐረገወይን ሰማች። የሟች አባቷን ጋቢ ተከናንባ የለቅሶው ድንኳን ጥግ ተቀምጣለች። ወንድሟ ናሆም በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወህኒ ቤት ነው፤ ይግባኙ የሚሰማው ሰኞ ነው። «የፈረምኩት ግርፋቱን ሽሽት ነው» ቢልም የሚያምነው ጠፍቷል።

አባታቸው ብቻ አምነውት ነበር። ሃምሳ አለቃ ጣሰው ሬሳው ያልተገኘውን ሟች ሲፈልጉ፣ የገናሌ አዞዎች እንኳ ለምደዋቸው መንገድ ይለቁላቸው ነበር። ችሎት ፊትም ቆመው፣ «ጌቶቼ፣ ድሮ ባላጋራ እንዳይጠፋ የሁለቱን ልብስ ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ያቆራኙ ነበር። ጋልጋሎ በሕይወት አለ! ከራሴ ጋር ቆራኝቼ አመጣላችኋለሁ!» አሉ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ፍለጋቸውን ሳይጨርሱ ልባቸው ቀጥ አለ።

«ያ አባኮ! አባ ጣሰው!»

አቧራ የለበሰ ጎረምሳ ደረቱን እየደቃ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

«ጋልጋሎ!»

«የቱ? የሞተው?»

«ታዲያ ስንት ጋልጋሎ አለን!»

ነገሌ ቦረና ከተቆረቆረች እንዲያ ያለ ሩጫ አልታየም። ካርታው ተበተነ፣ አግዳሚው ተገለበጠ። አንካሳው የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሦስት የካምፕ ወታደሮችን ቀድሞ አጥር ዘለለ።

ሐረገወይን ብቻ አልሸሸችም። «ናጋ፣ ጋልጋሎ?» ብላ ሰላም አለችው። «ከየት መጣህ?»

«ከሞያሌ ማዶ፣ ከኬንያ። ከናሆም ጋር የተደባደብን ዕለት አኩርፌ ሄድኩ። ትናንት አንድ ሹፌር ‹ጣሰው አረፉ› አለኝ። ያሳደጉኝን ሰው ለቅሶ ልቅር?» ዙሪያውን አየ። «ሰው ምን ሆኖ ነው የሚሸሸኝ? ናሆምስ?»

«አንተን ገድሎ ታስሯል።»

«እኔን?» ጋልጋሎ ደረቱን ዳበሰ።

ወርቅውሃ ከምሰሶው ጀርባ አንገቷን አሰገገች። «እስኪ ንፍሮ ስጡት! ከበላ ሰው ነው!»

ጋልጋሎ ከሞያሌ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ትሪውን ጠረገው። ወርቅውሃ እልል ልትል አፏን ከፈተችና፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ቢላት በነጠላዋ አፈነችው። አጥር የዘለለው ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ሁሉም «በሕይወት እንዳለ እኔ አውቅ ነበር» ይል ጀመር።

«ሰኞ ዳኞቹ ፊት እቆማለሁ» አለ ጋልጋሎ፣ እንባውን እየጠረገ።

ሐረገወይን ተጠጋችው። ከተከናነበችው ጋቢ አንዱን ጫፍ ሳበችና ከእጅጌው ጋር ትቋጥር ጀመር።

«አልጠፋም እኮ፣ እታለም።»

«አውቃለሁ።»

ደግማ ቋጠረችው። ይላላ እንደሆነ ሳብ አድርጋ አየችና፣ ቋጠሮው ላይ እጇን እንዳሳረፈች፣ «ይኸው፣ አባባ፣ ያዝከው» አለች።