የጅግራ ሜዳ አየር ለምን አልደረቀም

1.

ቅርጥ።

ቅርጥ። ቅርጥ።

ድምፁ የመጣው በግቢው መሀል ከቆመው ነጭ ሳጥን ነው። ምናሴ ገና ከአልጋው አልወረደም፤ ዓይኑንም አልገለጠም። በልቡ «አየሩ ነው፤ ሲደርቅ እንዲህ ይንቋቋል ማለት ነው» አለ። ምናሴ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ፈተናው ጥሎት፣ የጅግራ ሜዳ የአየር ጠባይ ጣቢያ ጠባቂም መዝጋቢም ሆኖ የተቀጠረ፤ ከሰው ይልቅ ከደመና ጋር መዋል የለመደ።

ተነሥቶ ሳጥኑን ከፈተው። አየሩ አልነበረም።

አይጥ።

2.

አይጧ የበላችው ፀጉር ነው።

አንባቢዬ፣ «ደግሞ የምን ፀጉር?» ብትል አልቀየምህም። በሳጥኑ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ አለ፤ በመለኪያው ሆድ ውስጥ የሰው ፀጉር ተወጥሯል። አየሩ ሲረጥብ ፀጉሩ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። ከፀጉሩ ጋር የተያያዘች ትንሽ ብዕር በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ትሄዳለች፤ ሲረጥብ ሽቅብ፣ ሲደርቅ ቁልቁል። ይኸው ነው። የአንድ አገር አየር በአንድ ዘለላ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ሌላ መለኪያም ነበረ። እሱን ዝንጀሮ ይዞት ገደል ገባ። የዝንጀሮውን ታሪክ እዚህ አንጽፈውም፤ ዝንጀሮውም አይወድም።

3.

ምናሴ ለዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለ። ንግግሩ እንዳለ ይኸውና፦

— ሃሎ፣ ከጅግራ ሜዳ ነው። ፀጉር አልቆብኛል።

— መላጣ ሆንክ?

— የመለኪያው ፀጉር ነው ጌታዬ። አይጥ በላችው።

— ቆይ፣ ግዢ ክፍልን ላገናኝህ።

— ሃሎ፣ ግዢ ክፍል? ፀጉር ፈልጌ ነበር።

— የፈረስ ነው?

— የሰው።

— የምን አልክ?

— የሰው ፀጉር።

— ስማ ወንድሜ፣ የሰው ፀጉር የሚገዛበት የበጀት ርዕስ የለንም።

— እና ምን ላድርግ?

— ከአካባቢው ተጠቀም።

4.

አካባቢው ማለት ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ከጣቢያው ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ሹሩባ ትሠራለች። ከቤቷ ጀርባ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የጌሾ ችግኝ ታፈላለች፤ ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች። ምናሴ ደመና እቆጥራለሁ ብሎ ከወጣ ጀምሮ የሚቆጥረው እሷን ነው። ደመናው ላይ የሚጽፈው ግምት ነው።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ገንዘብ ካልሆነ ለምነኝ።»

«ፀጉር።»

«ውይ በሞትኩት! ደብተራ ቤት ሄድክ እንዴ? ልታስደግምብኝ ነው?»

«ኧረ ለመንግሥት ነው።»

«መንግሥት ደግሞ በፀጉሬ ምን ሊያደርግ? ግብሩ አልበቃው ብሎ?»

ይሁን እንጂ ሳቀች። ከሹሩባዋ ጫፍ ፈትታ ጥቂት ዘለላ መዘዘችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ምናሴ አስፋልቱን ሲሻገር መዳፉን ጨብጦ ስለነበር፣ ጥሩንባ የነፋበትን ሾፌር እንኳ ዘወር ብሎ አላየውም።

5.

መመሪያ፦ ፀጉርን ለመለኪያ ስለማዘጋጀት

ሀ/ ረጅምና ያልተሰነጠቀ ፀጉር ምረጥ።

ለ/ በሳሙና፣ ቀጥሎም በስፒሪት እጠበው። ቅባት ያለበት ፀጉር የአየሩን እርጥበት አይጠጣም።

ሐ/ ወጥረህ እሰር።

ሀን በሚገባ ፈጸመ። ለ ላይ ሲደርስ ፀጉሩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ለጋ ቅቤ። ከሥሩ አደስ። ከአደሱ ሥር ደግሞ ስም ያላወጣለት ነገር።

ሳሙናውን አየው።

ሳሙናውም አየው።

ሐ/ ወጥሮ አሰረ።

6.

ብዕሯ ቀጥ ብላ ሄደች። ክረምት ገባ፤ ቀጥ። በጋ ሆነ፤ ቀጥ። መስቀል ባለፈ ቁጥር ምናሴ ፀጉር ይቀይራል፤ ፀጉሩ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ራስ፣ ሁልጊዜም ቅቤው እንዳለ ነው።

በዚያ ዘመን የጅግራ ሜዳ ምንጭ እንደ ልጅ ሽንት ቀጠነ። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሳይመቱት ተሰነጠቀ። በሮች ጣውላቸው እየተኮማተረ ነፋስ ያሳልፉ ጀመር። የትርንጎ ጌሾም ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ወረቀት ይጠቀልል ጀመር።

ትርንጎ አክስት አለቻት፤ ቦንጋ፣ ዝናብ የማይጠፋበት አገር። አክስቲቱ በየዓመቱ ትደውላለች፦ «ነይ እንጂ ልጄ! እዚህ ጣሳውን ደጅ ብታስቀምጪው ጣሳው ራሱ ይበቅላል!» ትርንጎም በየዓመቱ አስፋልቱን ተሻግራ ትመጣለች።

«ምናሴ፣ እውነቱን ንገረኝ። አየሩ ደርቋል አልደረቀም? ልቆይ ወይስ ልሂድ?»

ምናሴ ወረቀቱን ያሳያታል። «ይኸው፣ ቀጥ ያለ ነው። አልደረቀም። ቆዪ።»

«ታዲያ ጌሾዬ ለምን ይደርቃል?»

«ውሃ አብዢለት።»

«ውሃው ከየት?»

«…ቆዪ ብቻ።»

ዋሸ እንዳትለው፤ አልዋሸም። ወረቀቱን ያምነዋል። ሰው ደግሞ ደስ የሚለውን ወረቀት ደጋግሞ አያጣራም።

7.

(ይህ ቁጥር ለዝናብ የተያዘ ነው። ሲመጣ እንሞላዋለን።)

8.

ዋናው መሥሪያ ቤት የብዙ ዓመታትን መዝገብ ሲያገጣጥም አንድ ጉድ አየ። የአካባቢው ጣቢያዎች በሙሉ አየራቸው ከዓመት ዓመት እየደረቀ መስመራቸው ቁልቁል ወርዷል። አንዱ ብቻ ቀጥ ብሏል። ይህን ተአምር የሚያይ ባለሙያ ሊመጣ ነው ተባለ።

ጅግራ ሜዳ ወሬውን ሰማች። ምክንያቱንም ከባለሙያው በፊት አገኘችው፦

መምሬ፦ «ታቦቱ ነው።»

ሼህ ኑርዬ፦ «ዱዓው ነው።»

ከንቲባው አቶ አንለይ፦ «አመራሩ ነው።»

የጠላ ቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ፦ «የምንተነፍሰውን የሚያውቅ አንድዬ ነው።»

9.

ባለሙያዋ ወይዘሮ ሐረገወይን ጫማቸው አቧራ ለብሶ ከመኪና ሲወርዱ፣ ከሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ጨርቅ ተወጥሮ ጠበቃቸው፦ «አየሯ ወደማይደርቀው ጅግራ ሜዳ እንኳን ደህና መጡ»። ከንቲባው ንግግር ለማድረግ ሦስት ጊዜ ውሃ ጠየቁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር።

ወይዘሮ ሐረገወይን አጠር አድርገው ተናገሩ።

«አየር ማለት እንስራ ነው በሉት። ሲሞቅ እንስራው ይሰፋል። ያው ውሃ ድሮ እስከ አንገቱ ይደርስ ነበር፤ አሁን ከሆዱ አያልፍም። እንስራውን የሚያህል ውሃ ከየትም አልመጣምና አየሩ ይጠማል፤ ሲጠማው ደግሞ ከአፈሩም፣ ከቅጠሉም፣ ከከንፈራችሁም ይጠጣል። ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ እንዲህ ሆነዋል። እናንተ እንዴት ተረፋችሁ?»

«እንስራውን መልሶ ማጥበብ አይቻልም?» አለ ከኋላ አንድ ገበሬ።

«ጅግራ ሜዳ ብቻዋን አታጠብበውም፣ ወንድሜ።»

ትርንጎ ከሰዉ ፊት ቆማለች። «ቆዪ ያለኝ አየር ይኸው ሊመሰገን ነው» ብላ ሹሩባዋን አድሳ፣ ቅቤ ተቀብታ መጥታለች። ምናሴ አያት።

አያት።

ከዚያ ሳጥኑን አየ። ያን ጊዜ ነው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመመሪያው ለ/ ትዝ ያለው።

10.

ከሳጥኑ አጠገብ የተባለው፦

ወ/ሮ ሐረገወይን፦ ይኸ ምንድን ነው የሚሸተኝ?

ምናሴ፦ አየሩ ይሆናል።

ወ/ሮ ሐረገወይን፦ አየሩ አደስ አደስ ይላል?

ከንቲባው፦ አየራችን ልዩ ነው፤ ብለናል እኮ!

(ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ፀጉሩ ላይ ሃ ብለው ተነፈሱበት። ብዕሯ ንቅንቅ አላለችም።)

ወ/ሮ ሐረገወይን፦ ልጄ፣ ይኸ ፀጉር ቅቤ ተቀብቷል። እንኳን እርጥበት፣ የጥፋት ውሃም ቢመጣ አይሰማም። የማን ነው?

(ምናሴ ዓይኑን ወደ ትርንጎ ሹሩባ ይልካል።)

(ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ዞሮ ትርንጎን ያያል።)

ትርንጎ፦ ምን ታዩኛላችሁ? ለመንግሥት ነው የሰጠሁት!

እትዬ ማንጠግቦሽ፦ መንግሥት እንዲህ እንደሚወድሽ አላወቅንም ነበር።

11.

ወይዘሮ ሐረገወይን ከቦርሳቸው ጥጥና ስፒሪት አወጡ። ሳይቸኩሉ ፀጉሩን ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። አሁንም ጎንበስ ብለው ሃ ብለው ተነፈሱበት፤ ብዕሯ ሽቅብ ዘለለች። «አሁን ነቃ» አሉ። ትንፋሻቸው ሲበተን ብዕሯ የጅግራ ሜዳን አየር ማንበብ ጀመረች።

ወረደች።





ወረደች።







ወረደች።

የወረቀቱ ጠርዝ ደርሳ ቆመች። አንድ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ከንቲባው በቀስታ ሄደው የተወጠረውን ጨርቅ ራሳቸው ፈቱት።

12.

መኪናውም ሰዉም ከሄደ በኋላ ሁለቱ ቀሩ።

«ምናሴ።»

«አቤት።»

«ያን ሁሉ ዓመት ቆዪ ስትለኝ፣ ወረቀቱ ነው የሚለው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ወረቀቱ ደግሞ ፀጉሬ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቆዪ ያለኝ የገዛ ፀጉሬ ነው?»

ምናሴ እዚህ ላይ ማለት የነበረበት አንድ ነገር ነበር። አንባቢዬ ታውቀዋለህ። እሷም ታውቀዋለች። ዝንጀሮውም ሳያውቅ አይቀርም። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲህ አለ፦

«የግዢ ክፍል… የበጀት ርዕስ ስለሌለው ነው።»

13.

ጸሐፊው ይህን ቦታ ለምናሴ ትቶለት ነበር፤ ይናገር ይሆናል ብሎ።



አልተናገረም። እንቀጥል።

14.

ሲነጋ የጭነት መኪና ከትርንጎ ደጅ ቆሟል። ጣሳዎቹ ተደርድረው ተጭነዋል፤ አክስቲቱ በስልክ ከቦንጋ ስትጮህ ከማዶ ይሰማል። (ቁጥር 7ን ዞረህ አየኸው? አሁንም ባዶ ነው።)

ትርንጎ ከመኪናው ጋቢና ወረደችና አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። ሹሩባዋ ተፈትቷል። ራሷ ታጥቦ፣ ቅቤ ሳይነካው፣ ጎፈሬ ሆኖ ቆሟል። ምናሴ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። በእጇ አንድ ጣሳ ጌሾ ይዛለች።

«ትርንጎ፣ ትናንት ልልሽ የነበረው…»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጣሳውን ከሳጥኑ እግር ሥር አስቀመጠች። ቀጥላ የሳጥኑን በር ከፈተች። ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ ተወጠረው ፀጉር፣ ወደ ራሷ ፀጉር፣ አስጠጋች።

ሃ።

አንዴ ብቻ።

በሩን ዘጋች። ተሻገረች። ጋቢናው ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ ምናሴም በዚህኛው ጊዜ ዘወር ብሎ አየው። መኪናው ቁልቁል ሄደ።

15.

የጅግራ ሜዳ ጣቢያ፣ የጠዋት ምዝገባ

ደመና፦ የለም

ዝናብ፦ የለም

እርጥበት፦ ለአንድ አፍታ ጨምሯል

ምክንያት፦