ዕረፍ የተባለው እግር

ዶክተር ሐመልማል የአቶ እንግዳውን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰብስባ ባቱን በሁለት እጇ ያዘች። እሱም ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር አየ። ከዚያ ትልቅ ሆድ ሥር የተንጠለጠሉት እግሮች የሌላ ሰው ይመስላሉ፤ ቆዳቸው ላልቷል፣ ሥጋቸው ሟሽሿል። የደባርቅ በቅሎ ነጂ ሁሉ «ባትስ የእንግዳው!» እያለ ሲቀናበት የኖረ እግር ይህ ነው ቢባል ማን ያምናል?

እንግዳው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ በሰሜን ተራሮች ወደ ሳንቃበርና ወደ ግጭ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ያኔም ቢሆን ቀጭን አልነበረም። ጓደኞቹ «ሆድህ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንተ ኋላ ትመጣለህ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ዳገቱ ላይ ማን ማንን እንደሚቀድም ያውቀዋላ!

የዛሬ ሁለት ዓመት ራሱን ቢያዞረው ታናሽ ወንድሙ ያርጋል ጎንደር ወስዶ አስመረመረው። ሲመለሱ «ሐኪሟ ዕረፍ ብላሃለች ጋሼ፤ ዳገት እንዳታይ!» አለው። ከዚያ ወዲያ በቅሎዎቹን ያርጋል ነዳ፤ እንግዳው ደጃፉ ላይ ጠፍር ወንበር ተዘርግቶለት ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው «ደላህ እኮ!» እያለ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር። ማታ ማታ በቅሎዎቹ ሲገቡ ወንድሙን ሳይመርቅ አይተኛም ነበር።

ያችው ሐኪም፣ ዶክተር ሐመልማል፣ ዘንድሮ ወደ ደባርቅ ተዛውራ ኖሮ፣ ዛሬ ራሱን ቢያዞረው እግሩ እሷ ዘንድ ጣለው።

«ያኔም ወፍራም ነበሩ» አለች፣ ባቱን ለቅቃ ቀና እያለች። «ደም ሥርዎ ግን የጎረምሳ ነበር። ከስቡ ሲከላከልልዎት የኖረው ይሄ ባትና ይሄ ጭን ነው። ጡንቻ ሲሠራ ደም ይስባል፤ ደም ሥሩም እየተለጠጠ ይለሰልሳል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ስቡ ብቻውን ይቀርና ደም ሥሩ እንደ ደረቀ ጠፍር ይሆናል። ምን ሆነው ነው እንዲህ የተቀመጡት?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ዕረፍ ያሉኝ?»

ሐኪሟ ግራ ተጋብታ አየችው። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እኔ ለወንድምዎ የነገርኳቸው ሌላ ነው። ምግቡን ይቀንሱ፣ እግራቸውን ግን እንዳያስተኙት፤ ከመንገድ የቀሩ ቀን ይጎዳሉ አልኳቸው። እሳቸው ‹ለሱ አይንገሩት፣ ይደነግጣል፤ እኔ በዘዴ እነግረዋለሁ› አሉኝ።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ለራስዎ መንገር ነበረብኝ።»

እንግዳው በሷ አልፈረደም። የበሽተኛ ነገር ለዘመድ ተነግሮ፣ ዘመድ አለዝቦ እንዲያደርስ የአገሩ ወግ ነው። ሰው ዘመዱን ካላመነ ማንን ያምናል?

«ይመለሳል?» አለ እግሩን እያየ።

«ጡንቻው ይመለሳል። ደም ሥሩ የቱን ያህል እንደሚመለስ እንጃ። ቀስ ብለው፣ ሜዳ ሜዳውን ይጀምሩ። ዳገቱን ለኋላ ያቆዩት።»

ያርጋልን በቅሎ ከሚጫንበት ሜዳ አገኘው፤ የቦራን ጭነት በመጫኛ ጠፍንጎ ሊነሣ ነበር። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ እንግዳው ከውርንጭላነቷ ያሳደጋት በቅሎ ናት።

«ያርጋል፣ ሐኪሟ ምን ነበር ያለችህ?»

የያርጋል እጅ መጫኛው ላይ ቀረ። የወንድሙን ሱሪ አየ፤ አንዱ እግር እንደተሰበሰበ ነው።

«ለአንድ በጋ ብዬ ነበር ጋሼ። የጭነት ተራህን ይዤ በገንዘቡ ቤት ልሥራበት ብዬ። ኋላማ እውነቱን ልንገርህ ብል አፌ እንቢ አለኝ። እኔም ብቻዬን አይደለሁ። እትዬ ዘቢደርም ታውቃለች። ‹ባሏ የበቅሎ ጭራ ይከተላል መባል ሰልችቶኛል፣ ተወው ይቀመጥ› አለችኝ።»

የወንድሙን በደል ችሎ ነበር፤ የሚስቱ ስም ሲጠራ ግን አቃተው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያለ የሰው ጠብ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው፣ ተረቱ እንዲህ እንደሚያም አያውቅም ነበር። የሰጠው ምርቃት ሁሉ ትዝ ብሎት አፈረ። የቦራን መሳቢያ ገመድ ከያርጋል እጅ ነጠቀና ሳይሰድበው፣ ሳይረግመው ሄደ።

መንገዱ በደጁ ያልፋል። ዘቢደር ወንበሩን ወደ ጥላው እየሳበች ነበር።

«ምነው በእግርህ? ና ተቀመጥ፣ ይደክምሃል!»

«ታውቂ ነበር?»

የምኑን አላለችም። ጎንበስ ብላ የወንበሩን ጠፍር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሰው ደላው ሲልህ ደስ ይልህ ነበር እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። ፊቱን አዞረና ዳገቱን ጀመረ።

ቦራ በጥንቱ እርምጃቸው ነው የምትሄደው፤ ለእሷ ምንም የነገራት የለም፣ የለመደችው የድሮውን እግር ነው። ገመዱ ተወጠረ። መጠምዘዣው ጋ ሳይደርስ ባቱ እንደ እሳት ነደደ፣ ትንፋሽ አጠረው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። የሐኪሟ ቃል ትዝ አለው፤ ወደ ሜዳው መመለስ ግን በደጁ፣ በወንበሩ አጠገብ ማለፍ ነው። በቅሎዋም ቆመችና አንገቷን ወደሱ መለሰች።

ከኋላው የሰው ኮቴ ሰማ። ከዚያ አራት የወንበር እግሮች ጠጠሩ ላይ ሲቀመጡ ሰማ። ዘቢደር ወንበሩን ተሸክማ መጥታለች። ስታለከልክ ይሰማዋል።

እንግዳው ዞር አላለም። ገመዱን መዳፉ ላይ ጠመጠመው።

«ሂጂ፣ ቦራዬ» አለ፤ «ቀስ ብለሽ።»