የተዋስኩት ቡድን

ሃታኬያማ ሳን የመጀመሪያ የጨዋታ ቡድኔን ስልኬ ላይ አዩ። ከዚያ ስልኬን መለሱልኝና የጀመሩትን አንሶላ ማጠፍ ቀጠሉ።

«ይሄ ቡድን አይደለም» አሉኝ። «የፎቶ አልበም ነው።»

የምንሠራው የፍል ውሃ ሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሳቸው ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሦስት ልጆች አሳድገው ድረዋል፤ የማጠፊያው ክፍል ኃላፊም ናቸው። «የአውሬዎች ሸለቆ» በተባለው የስልክ ጨዋታ ደግሞ በጃፓን ካሉት ሁለት ሺህ ምርጥ ተጫዋቾች መካከል ይቆጠራሉ። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ሲሸነፉ የምግብ ሣህናቸውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ስለሚመቱት ሁላችንም እንሰማለን።

እኔ ሹሄይ እባላለሁ፤ ሃያ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ሰባተኛ ገብቼ አሥራ አንድ ቀን ተምሬአለሁ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ፤ መውጣት አቃተኝ። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል። ስልክ ሲጠራ ሌላ ሰው እስኪያነሣው እጠብቃለሁ። ስለዚህ ሃታኬያማ ሳን ዘንድ ሄጄ «ቡድን መሥራት ያስተምሩኝ» እስክል ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለምን እንደምማር ግን አልነገርኳቸውም።

የምማረው ለናጊ ስል ነው። ናጊ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባቴና እናቴ የተለያዩት የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ያኔ እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቴ እሱን ይዛ ወደ ኦካያማ ሄደች። እኔ ከክፍሌ አልወጣም ስላልኩ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። ልጁ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ድረስ ባትደውሉ ይሻላል አለች እናቴ፤ እኛም አልደወልንም። በኋላ ሌላ ሰው አገባች፤ የቤተሰብ ስማቸው ተቀየረ፤ ቤትም ቀየሩ። በመጀመሪያው ዓመት የአዲስ ዓመት ካርድ ላክሁለት። የሁለተኛው ዓመት ካርድ «ተቀባዩ የለም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ።

የናጊን ስም ያገኘሁት ኅዳር ላይ ነው። ሃታኬያማ ሳን የጨዋታውን ምርጥ ተጫዋቾች ዝርዝር ለአንዷ ሠራተኛ ሲያሳዩ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ሻይ እቀዳ ነበር። ከዝርዝሩ መካከል «ባቄላው ናጊ» የሚል ስም አየሁ። ሲወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረ ባቄላው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ተጫዋች ከስሙ ሥር አንድ መስመር የመጻፍ መብት አለው። እሱ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ሚያዝያ ላይ ሰባተኛ ስገባ ጨዋታ አቆማለሁ።»

እኛ ዘንድ የትምህርት ዓመት የሚጀምረው ሚያዝያ መግቢያ ላይ ስለሆነ ጊዜዬ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነበር። ጨዋታውን በዚያው ሳምንት ገዛሁ።

ልጆች ስለሚጫወቱት ለማያውቁት ሰው መልእክት መላክ አይቻልም። ሜዳው ዐሥር ፎቅ አለው፤ የሚያሸንፍ ይወጣል፣ የሚሸነፍ ይወርዳል፤ ከአንድ ሰው ጋር መገናኘት የሚቻለው ያ ሰው ያለበት ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ናጊ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። ግጥሚያ ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች አምስት አምስት አውሬ ያሳያሉ፤ ከዚያ ሦስቱን መርጠው ያስገባሉ። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚ ስምና ለአውሬዎቹ የወጣላቸው ስም ይታያል። እኔም የፈለግሁት ያንን ነበር። መጋቢት ሳያልቅ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሼ፣ ናጊ ሲገጥመኝ ስሜንና የአውሬዎቼን ስም እንዲያነብ።

አንዱን አውሬ «ጥርስ አልባ» አልኩት፤ የጎረቤታችን ድመት ነው። ሌላው «ሰባት ቁጥር» ነው፤ ናጊ ከመስኮት ሆኖ እጁን ያውለበልብለት የነበረው አውቶቡስ። «ባልዲ» አለ፤ በጋ ላይ ናጊን አጥብበት የነበረው። «የወይዘሮ ኖሙራ አጥር» አለ፤ «እንቅልፋም ቀንድ አውጣ» አለ። ሁሉም እኔና ናጊ የምናውቃቸው የልጅነቱ ነገሮች ናቸው፤ ቡድኔ ይህ ነበር። ሃታኬያማ ሳን የፎቶ አልበም ያሉትም ይህንኑ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠኝ እያጠፍን ነበር። እሳቸው በፎጣ ነው የሚያስረዱት። አምስት ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው አምስቱም ቀይ መሆናቸውን አሳዩኝ። የእኔም አውሬዎች እንደዚያ ናቸው አሉ፤ አምስቱም ጡንቸኞች፣ አምስቱም ዝግተኞች፣ አምስቱም እሳት የሚፈሩ። አንድ እሳት የሚተፋ አውሬ ከመጣ ሁሉንም ተራ በተራ ያቃጥላቸዋል።

«ማን ነው ጠንካራ ብለህ አትጠይቅ» አሉኝ። «አንዱ ሲቸገር ማን ይገባለታል ብለህ ጠይቅ። ቡድን ማለት እሱ ነው። አንተ ስትቸገር ማን ይገባልሃል?»

የጠየቁኝ ስለ ጨዋታው ነበር፤ እኔ ቀጣዩን ፎጣ አነሣሁ።

እንደገና ጀመርኩ። ስሞቹን ይዤ አውሬዎቹን ቀየርኩ። እሳት የሚውጥ፣ የጭቃ ጅራት የሚባል አውሬ አሳደግሁና «ባልዲ» አልኩት። ነፋስ የሚያስነሣ፣ በዚያም ነፋስ ዝግተኞቹን የሚያፈጥን ወፍ አገኘሁና «ሰባት ቁጥር» አልኩት። ለእያንዳንዱ አውሬ የሚከፋፈል ነጥብ አለ፤ እኔ ሁሉንም ጉልበት ላይ ከምሬው ነበር። ሃታኬያማ ሳን ከወፉ ጉልበት ላይ አንዲት ነጥብ አንሥተው ፍጥነቱ ላይ ጨመሩ። በአንድ ነጥብም ቢሆን የቀደመ ቀደመ አሉ። የተሸነፍኩበትን ምክንያት ሁሉ በደብተር እንድጽፍ አዘዙኝ። ደብተሩን ጥር ላይ አይተው «የእጅ ጽሑፍህ እንዴት ያምራል። ይሄን ሁሉ ሽንፈት መጻፉ ነው የሚያሳዝነው» አሉ። ማጠፊያው ክፍል ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ደረስኩ። እዚያው ቀረሁ። ሁለት አሸንፌ ሁለት እሸነፋለሁ፤ ሦስት አሸንፌ አራት እሸነፋለሁ። ቡድኑ አሁን ቡድን ሆኗል፤ የሚጎድለው የእኔ ጭንቅላት ነው። ተጋጣሚዬ ቀጥሎ የሚያደርገውን መገመት ያስፈልጋል፤ እኔ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እንኳ የሚያስበውን አላውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሃታኬያማ ሳን ምን እንደሚያስቸኩለኝ ጠየቁኝ። ሰው ይህን ጨዋታ በዓመት ነው የሚለምደው፤ አንተ መጋቢት መጋቢት የምትለው መጋቢት ላይ ምን አለ አሉኝ። ነገርኳቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ሩዛቸው ቀዘቀዘ፤ ብዙ ጊዜ ቃሉ እየጠፋኝ አቆም ነበርና። አይዞህ አላሉኝም። አፋቸውን ጠርገው ስልካቸውን አወጡ።

«የእኔን ቡድን ተዋስ» አሉኝ። «በእሱ ውጣ። ዘጠነኛ ስትደርስ የራስህን አስገባ።»

መዋስ ይፈቀዳል። ግን በተዋሱት ቡድን ሲጫወቱ ሜዳው ላይ የሚታየው የባለቤቱ ስም ነው፤ የአውሬዎቹንም ስም መቀየር አይቻልም። የእሳቸው የጨዋታ ስም «ዱባ» ነው። አውሬዎቻቸውን ሁሉ ቤታቸው በጨው ዘፍዝፈው በሚያስቀምጡት አትክልት ስም ሰይመዋቸዋል፤ ቀይ ሥር፣ ኪያር፣ ጎመን፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። መቼ ማን መግባት እንዳለበት በሁለት ገጽ ጻፉልኝ። ወረቀቱን እያየሁ ተጫወትኩ። ሌላ ሰው ያሰበውን ማድረግ ብቻ ስለነበረ ቀለለኝ። በሦስት ሳምንት ዘጠነኛ ፎቅ ገባሁ።

ዘጠነኛ ላይ የራሴን ቡድን አስገባሁ። ሁለት ግጥሚያ ተሸነፍኩና ወደ ስምንተኛ ወረድኩ። በእሳቸው ቡድን ተመልሼ ወጣሁ፤ የራሴን አስገባሁ፤ ወረድኩ። እንዲህ አራት ጊዜ ሆነ። በራሴ ስም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በአጠቃላይ ዘጠኝ ግጥሚያ ተጫውቻለሁ። ዘጠኙም ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው።

መጋቢት ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው እሑድ ነበር፤ ጠዋት። ለአምስተኛ ጊዜ ወጥቼ በራሴ ቡድን አንዱን ተሸንፌአለሁ፤ ሌላ አንድ ከተሸነፍኩ እወርዳለሁ። መጀመሪያ አንድ ግጥሚያ በዱባ አሸንፌ ልደላደል፣ ከዚያ የራሴን አስገባለሁ አልኩ። አባቴ አጠገቤ ጋዜጣ አንጥፎ የእግሩን ጥፍር ይቆርጥ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ። ሜዳው ተከፈተ።

በእኔ በኩል «ዱባ» ይላል። በወዲያ በኩል «ባቄላው ናጊ»።

የናጊን አምስት አውሬዎች አነበብኩ። አራቱ በእንስሳት ስም የተጠሩ ናቸው። አምስተኛው ድንጋይ ጉንጭ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ዝግተኛ፣ ብዙ ዱላ የሚችል፣ የሌሎቹን ምት የሚቀበል አውሬ። ስሙ «ወንድም ጋሼ» ይላል።

ሹሄይ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ወንድም ጋሼ ነበር የሚለኝ።

መጀመሪያ ያስገባው እሱን ነው። የእኔ ቀይ ሥር ፊት ለፊቱ ቆመ። በወረቀቱ መሠረት ድንጋይ ጉንጭ ከገባ በውሃ መምታት ነበረብኝ። ጣቴ አልሄደም። ለአንድ ተራ የተሰጠው አንድ ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ካለቀ ጨዋታው ራሱ የመጀመሪያውን ምት ይመርጣል። ደቂቃው አለቀ። ቀይ ሥር በራሱ ዘሎ ወንድም ጋሼን መታው። ወንድም ጋሼ ተንገዳገደና ቆመ።

በሁለተኛው ተራ መጫን እችል ነበር። አልተጫንኩም። ደቂቃው እስኪያልቅ ድረስ ናጊ የትም አይሄድም፤ ያኛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ግጥሚያው ካለቀ ግን ይሄዳል። ሆን ብለው ደቂቃ የሚጨርሱ ተጫዋቾች አሉ። የሰዓት ሌባ ይባላሉ፤ የተጋጣሚን ትዕግሥት ጨርሰው ጥሎ እንዲወጣ የሚያደርጉ ናቸው፤ ከዚህ የባሰ ነውር ጨዋታው ውስጥ የለም። ይህን አውቃለሁ። ሆኖም ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ። ሦስተኛውንም ደቂቃ፣ አራተኛውንም እስከ መጨረሻው ተመለከትኩ። እሱ ተራው ሲደርስ ወዲያው ይጫናል፤ ከዚያ ይጠብቃል።

«እያሸነፍክ ነው?» አለኝ አባቴ።

«አላውቅም።»

«ከማን ጋር ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ የናጊን ስም ከጠራ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። መቁረጫው እጁ ላይ ነበር፤ ዓይኑ እግሩ ላይ።

«ከአንድ ልጅ ጋር» አልኩት።

እሺ ብሎ ጥፍሩን መቁረጥ ቀጠለ።

ወንድም ጋሼ በአምስተኛው ተራ ወደቀ። ናጊ ሌላ አውሬ አስገብቶ ቀይ ሥርን ጣለው፤ ከዚያ ኪያርን፣ ከዚያ ዝንጅብልን። አሥራ አንድ ደቂቃ አብረን ቆየን። ግጥሚያው ሲያልቅ የስንብት ሰላምታ ምልክት ይመጣል፤ «መልካም ግጥሚያ ነበር» ይላል። እንደመጣ ተጫንኩት። ከእሱ በኩል አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ተጫዋች ከእርስዎ ጋር ዳግም መጋጠም አይፈልግም። ከእንግዲህ አትገናኙም።»

ክልከላው ቡድንን አይደለም የሚከለክለው፤ ሰውን ነው፤ የተከለከልኩትም ቡድኑን ያዋሱኝ ሃታኬያማ ሳን ሳይሆኑ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። የራሴን ቡድን ባስገባም አሁን ለውጥ የለውም።

ሰኞ ለሃታኬያማ ሳን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የሰሙት ሰዓት መስረቄን ነው።

«በእኔ ስም?» አሉ። «በዱባ ስም? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሰከንድ ሰርቄ አላውቅም እኮ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ቀና ስል እሳቸው አንሶላውን ይዘው ቆመዋል፤ አላጠፉትም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ዝርዝሩ ላይ ከስማቸው ሥር ያለውን መስመር ቀየሩ፦ «ባቄላው ናጊ፣ ሹሄይ ይፈልግሃል»። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተሰርዞ አገኙት፤ የሌላ ተጫዋች ስም መጥራት እንደማይፈቀድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም መጣባቸው። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ምሳቸውን ሳይበሉ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተጫወቱ። ልጁ ቢመጣ የእኔን አውሬዎች ስም እንዲያይ ከቡድናቸው ሁለቱን አውጥተው «ባልዲ» እና «ጥርስ አልባ» ያሏቸውን አዲስ አውሬዎች አስገቡ፤ ስም የሚወጣው ለአዲስ አውሬ ብቻ ነውና። ቡድናቸው ተበላሸ፤ ደጋግመው ተሸነፉ። ክዳኑን ግን አልመቱም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የሚመጣውን ስም ሁሉ አነብብ ነበር። ናጊ አልመጣም።

ሐሙስ የመጋቢት የመጨረሻ ቀን ነበር። የሥራ ደወል ሊደወል ሲል ዝርዝሩን ከፈትኩ። ናጊ መስመሩን ቀይሮታል፦ «ከነገ ጀምሮ የለሁም። የገጠማችሁኝን ሁሉ አመሰግናለው።»

መጨረሻው «ለሁ» መሆን ነበረበት። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህችን ሁልጊዜ ይስታት ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ በእርሳስ አርምለት ነበር። ጣቴን ስህተቱ ላይ አሳረፍኩ። የሌላ ሰው መስመር ስለሆነ ማረሚያ አልተከፈተም። ሃታኬያማ ሳን ከማጠፊያው ጠረጴዛ ሆነው ፎጣው እየተከመረ ነው አሉኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።