የግርጌዋ መስመር

ሩሐማ ዳኘው እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች ተብላ የተመሰገነች ናት። ቀን ቀን ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ማንም ገብቶ በነፃ በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ በአማርኛው ክፍል፣ አዳዲስ ጸሐፊዎችን ትቀበላለች። እዚያ የምትታወቀው በስሟ ሳይሆን «ጣና ዳር» በሚል መጠሪያ ነው። አዲስ ሰው ገና አንድ መስመር ሲጽፍ «እንኳን ደህና መጡ፤ ቤት ለእንግዳ» የሚል መልእክት ከተፍ ይልለታል። መልእክቱን ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ ጽፋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ይህ ምኑ አቀባበል ነው ብትሉ፣ እሷ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ጭንቋ ግን የእውነት ነበር። አማርኛው ክፍል ጸሐፊ የለውም፤ ከሚመጡት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ሳምንት ሳይሞላቸው ይጠፋሉ። አባቷ አቶ ዳኘው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በሕይወት ሳሉ በየሄዱበት ሰው ይለምኑላት ነበር። ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው።

ከሁለት ወር በፊት «ዘዘጌ» የሚባል አዲስ ሰው መጣ። ስለ ብራና አፋፋቅ፣ ስለ ቀለም አበጣበጥ፣ ስለ ታንኳ አሠራር ጻፈ፤ ማንም ያልጻፈውን። ሩሐማ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ይህን ሰውስ አላጣውም አለች። ችግሩ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ «ይህን ያነበባችሁ ሁሉ» ብላ የምትጀምር አንዲት መስመር አለች። በመዝገቡ ሕግ ደግሞ በጽሑፍ ላይ የግል መልእክት አይጻፍም። ሩሐማ መጀመሪያዋን አየችና የቀረውን ሳታነብ ሰረዘች። ሰውዬው መልሶ ጻፋት። ሰረዘች። መልሶ ጻፈ። ሰርዛ «ይህ የግል ማስታወቂያ መለጠፊያ አይደለም» የሚለውን የተዘጋጀ ማስጠንቀቂያ ላከችለት፤ እሱም በቁልፍ። በሰባተኛው ለአንድ ሳምንት እንዳይጽፍ አገደችው።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለት ሆነ፤ ሦስት ሆነ፤ ዘዘጌ አልተመለሰም። በውይይት ገጹ ላይ ግን ይህችን ጥሎ ሄዷል፦ «ሥርዓቱን ባላውቅ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ጥዑመ ልሳን፣ ከዘጌ።» ሩሐማ ደነገጠች። ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ይቅርታ አይለምንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ተሳፍራ ሄደች።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ወደቡ ላይ የጠየቀችው የመጀመሪያው ሰው አሳያት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥምጥማቸው የነጣ ሰው፣ ከቤታቸው ደጅ የተወጠረ ብራና ይፍቃሉ። ከቀለም ቀንዳቸው አጠገብ ስልክ ተቀምጧል። ከመዝገቡ መምጣቷን ስትነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡላት፤ ይህም አሳፈራት። የቤተ ክህነት ሰው ናቸውና ስመ ክርስትናዋን ጠየቋት። ወለተ ኪሮስ አለቻቸው።

ስለ ግርጌዋ መስመር ስታነሣ መሪጌታ አልተቆጡም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ብራና ሲጽፉ ያለዚያች ልመና የዘጉት መጽሐፍ እንደሌለ አስረዷት። መጽሐፍ ሲያልቅ ጸሐፊው ለራሱና መጽሐፉን ላጻፈው ሰው ጸሎት ይለምናል፤ አንባቢው ያን ስም ጠርቶ ያልፋል፤ የጻፈውም ያጻፈውም ዋጋቸው ያቺው ጸሎት ናት። ስልክ ላይ ሲሆን ይቀራል ብለው አላሰቡም ነበር።

ሩሐማ ፊቷ ጋለ። መስመሯ ከጽሑፉ ላይ መውጣቷ ልክ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ቃል የሚያኖርበት የራሱ ገጽ አለው። ያንን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሥራውም የማንም ሳይሆን የእሷ ነበር። ይህንኑ ልትናገር አፏን ስትከፍት መሪጌታ ቀደሟት።

«ልጄ፣ ከመዝገቡ ከመጣሽ አንዲት ልጅ ፈልጊልኝ» አሉ። «ሩሐማ ትባላለች፤ የወዳጄ የዳኘው ልጅ ናት። ይችን ስልክ የገዛልኝ እሱ ነው። ‹አንተ ጻፍ፤ ልጄ በር ላይ ቆማ ትቀበልሃለች› አለኝ። እኔ ዓይኔን ታምሜ ዘገየሁ፤ እሱ ሞት ቀደመው። ቃሌን ልፈጽም ብዬ ገብቼ ፈለግኋት፤ አጣኋት። በሩ ላይ ያገኘሁት ጣና ዳር የሚባል ሰው ነው። ጨዋ ነው፤ ግን አይሰማም።»

ሩሐማ ክው አለች። ስልኳን አወጣች፤ የገጹን ታሪክ ከፈተች። ሰባቱ ስርዞች ተደርድረዋል፤ በሁሉም አጠገብ «ጣና ዳር» ይላል። ሦስተኛው የተሰረዘው የአባቷ መንፈቅ በወጣበት ቀን ነው። ያን ቀን ጠዋት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት፣ ቁልፉን ተጭና ወጥታለች። መስመሯን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበቻት። ከዚያ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

«ታውቂያታለሽ?» አሉ መሪጌታ።

«አውቃታለሁ» አለች ሩሐማ። «ጣና ዳር እኔ ነኝ፣ መሪጌታ። ሩሐማም እኔው ነኝ።»

መሪጌታ መፋቂያውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ፊቷን አዩ፤ የአባቷን መልክ ሳይፈልጉ አልቀሩም።

«አንብበሽው ነው የሰረዝሽው?»

«አላነበብሁትም።»

ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን ከጉልበቷ አንሥተው መልሰው አስያዟት።

«እንግዲያስ አሁን አንብቢው» አሉ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢው። ለዚህ ነው የተጻፈው።»

ሩሐማ አነበበች፦ «ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ጸሐፊውን ጥዑመ ልሳንን፣ ያጻፈውንም…» እዚያ ላይ ቆመች። ቀጥሎ ያለው አባቷን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ማንም ጠርቷቸው የማያውቅበት፣ እሷም በመጨረሻ በፍትሐታቸው ቀን ካህናቱ ሲጠሩት የሰማችው ስመ ክርስትናቸው ነው።

«ወልደ ጻድቅን» አሉ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ «በጸሎታችሁ አስቡ።»