ጥድፌ የገጠመው በር

አናጺ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው በር ስገጥም ኖሬያለሁ፤ አንዱም ተበላሸ ተብሎ ተመልሶ አልመጣብኝም። የገዛ ቤቴ በር ግን አላፊ አግዳሚውን ግንባር ግንባሩን ሲል ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

የገጠመው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እጁ ወርቅ ነበር፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም፤ ሠፈሩ ሁሉ ጥድፌ ነበር የሚለው። ሰኞ ጠዋት ለውትድርና ሊሄድ፣ እሑድ ዕለት «ይህን በር ሳልገጥም አልሄድም» ብሎ ሙጭጭ አለ። መቃኑን መሬት ላይ አጋደመ፣ በሩን በማጠፊያ አያያዘ፣ ከዚያ ሰው እንኳ ሳይጠራ ብድግ አድርጎ አቆመው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ወደ ውስጥ መዞር የነበረበት ፊት ወደ ውጭ ዞረ። እኔ ስመጣ በሲሚንቶ አጣብቆት ጨርሷል። ገፋሁት፣ እምቢ አለ። ሳብኩት፣ መጥቶ አፍንጫዬን አገኘኝ።

ደሜ ፈላ። «አንተ እንኳን በር፣ የዶሮ ቆጥም አትገጥም» አልኩት። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ጋሼ፣ ስመለስ አስተካክለዋለሁ። ማንም እንዳይነካብኝ» አለኝ። ጠዋት ሲሄድም እንዳኮረፍኩት ነበር።

በስድስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። በውጊያ ላይ ጠፍቷል፣ የደረሰበት አልታወቀም ይላል። ሞተ አይል፣ አለ አይል። ያ የዶሮ ቆጥ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያን ቀን ምላሴን ቁርጥ ባደረገው።

እናቴ በሩን አላስነካም አለች። የቤታችን ደጃፍ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው አያጣም። የተመታው ሰው «የትኛው አናጺ ነው ይህን የገጠመው?» ብሎ ይቆጣል። እሷ የምትፈልገው ይህችኑ ነው። «ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» ትለዋለች፤ ግንባሩን በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛ ስለ ጥድፌ ታጫውተዋለች። እንዴት እንደሚስቅ፣ የጫማውን ክር ሳያስር እንዴት እንደሚሮጥ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝለት እየጠጣ ስንቴ ምላሱን እንዳቃጠለ። ፖስተኛው ሦስት ጊዜ ተመትቷል፤ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እንቁላል ሻጯ የተመታችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከነትሪዋ።

ባለፈው ወር የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። እሱ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ እኔ ከውስጥ ከፈትኩ። ምስኪን፣ ጨርቁን ግንባሩ ላይ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ እናቴን አዳመጠ፤ ከልቡም ሳቀ። ሲወጣ ግን አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ካልተደረገ ይነቀላል ይላል። «እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ ሥራዬ ሆኖብኝ ነው» አላት።

እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ይመስል። በአራተኛው ቀን «ይህ በር ከተስተካከለ ልጄን ማን ያነሳዋል?» አለችኝ። «አንተ ሥራ ላይ ነህ። ጓደኞቹ ወልደው ከብደዋል። በሩ ነው ስሙን የሚያስጠራው።»

እውነቷን ነው። ግን የሰው ግንባርም ግንባር ነው።

ቅዳሜ ፈታሁት። ወደ ውስጥ እንዲከፈት አዙሬ፣ የእሱኑ ማጠፊያ በእሱኑ ብሎን መልሼ አሰርኩት። እሱ የበሳቸውን የቀድሞ የብሎን ቀዳዳዎች አልደፈንኳቸውም። ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ አንዱም አልተንጋደደም፤ ልጁ እኮ ከአቅጣጫው በቀር የሳተው ነገር አልነበረም። «የዶሮ ቆጡን ነገር እርሳው፣ ወንድሜ» አልኩት፣ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቅሁ። እናቴ ጓዳ ሆና ሰምታ እንዳልሰማ ሰው ዕቃዋን ማጠቧን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። መጀመሪያ እንቁላል ሻጯ መጣች። ደጃፋችን ስትደርስ ከእግረኛ መንገዱ ወረደች፣ በአስፋልቱ ዞራ አለፈችና ተመልሳ ወጣች። ፖስተኛው ደግሞ ቦርሳውን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ዞረ። በሩ ተስተካክሏል ልለው መስኮቱን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተው፣ አትንገረው» አለችኝ።

ቀጥሎ ተማሪዎች እየሮጡ መጡ፤ ጥድፌ ሲሄድ አንዳቸውም አልተወለዱም። እነሱም ደጃፋችን ላይ እጥፍ ብለው ዞሩ። ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ትንሽ ልጅ ጓደኛዋን በእጇ ጎተተቻት።

«በዚህ ዙሪ፣ የወታደሩ በር ነው።»

«የቱ ወታደር?»

«ጥድፌ ነዋ! ቸኩሎ በሩን ገልብጦ ገጠመውና ሄደ። ሲመለስ ያስተካክለዋል።»

እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ልክ እንደ እሱ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ቁርስህን ብላና ወደ ሥራህ ሂድ» አለችኝ።

ማታ ከሥራ ስመለስ፣ በገዛ እጄ የገጠምኩት በር ፊት ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ እንዳይመታኝ ስጠብቅ፣ በመስኮት አይታኝ ደግማ ሳቀችብኝ።